ጭስ አልባ

«አሮጌዎቹን ወደ ዳር ሰፈር ነው የምንበትናቸው። ኧረ አረንጓዴ ቀለም ቀባ ቀባ አድርገን ነው እንጂ እንዲሁማ አንልካቸውም! ደግሞ እዚያ ማን ያያቸዋል?»

የስምሪት ኃላፊው ይህን ያለው በስልክ ነው፤ ብሎም ከት ብሎ ሳቀ። ቢሮውን ከቀለም ክፍሉ የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሰውየው ቢያስነጥስ በዚህ በኩል ሆኖ «ይማርዎ» ማለት ይቻላል። ቀቢው ከአንዲት አሮጌ አውቶቡስ ጎን ተንበርክኮ ዝገት እየፋቀ ነበር። ጆሮውን ጣል ለማድረግ አስቦ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ግድግዳውን አልፎ መጣበት። የብርጭቆ ወረቀቱን የያዘ እጁ ባለበት ቀረ። «እዚያ» የተባለው የእሱ ሰፈር ነው። እዚያ ተወልዷል፣ እዚያ ያድራል፣ እዚያ እናቱ አለች። ማን ያያቸዋል ማለት እንግዲህ እናቱ ሰው አይደለችም፣ እህቱም ሰው አይደለችም፣ ጠዋት ጠዋት ዋናው መንገድ ድረስ በእግሩ የሚኳትነው ያ ሁሉ ሕዝብም ዓይን የለውም ማለት ነው።

የቀለም ክፍል ይባል እንጂ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጥግ በቆርቆሮ የተከለለ መጠለያ ነው። ግድግዳው በዓመታት የቀለም ብናኝ ተሸፍኖ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር አይታወቅም፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰውም ተደራርቦ ደርቆ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። በአንድ በኩል የስቱኮ ጣሳ፣ በሌላ በኩል ቀለም በሚያቀጥኑበት አኳራጅ ውስጥ የተነከሩ ብሩሾች፣ መሀል ላይ አውቶቡስ። ሽታው ያልለመደን ሰው ራስ ያዞራል። ቀቢው በዚህ ክፍል ውስጥ ከልቡ ተደስቶ የሠራው አዲሶቹ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች የመጡ ሰሞን ነበር። በጎናቸው ላይ ቅጠል እንዲስል፣ ከቅጠሉ ሥርም «ጭስ አልባ» ብሎ እንዲጽፍ ሲታዘዝ መጀመሪያ እንደማንኛውም ሥራ ነበር የያዘው። በኋላ አንዷን ሲያስነሷት ከኋላዋ ቆሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ምንም አልመጣም። ማርሚታዋ የት ነው ብሎ ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤ ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የላትም። ድምፅም የላትም። ሹልክ ብላ ስትወጣ ጥበቃው ሳይሰማት በሩን ሊዘጋባት ነበር። የዚያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ለእናቱ አፉን ሞልቶ ተናገረ። «ሰማዩን የሚያሞቀው ጭስ ሊቀር ነው እማዬ። የአንቺም ደረት ሊያርፍ ነው» አላት። አምኖ ነበር። ዛሬ ደሙን ያፈላውም ያ ማመኑ ነው።

እናቱ ደረቷን ካመማት ቆይቷል። ሐኪሙ ያዘዘላት መድኃኒት አለ፤ ከመድኃኒቱ በላይ ያቆያት ግን «ከጭስና ከአቧራ ራስዎን ይጠብቁ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰል ከቤቷ ወጥቷል። ጎረቤቶቿ እንኳ ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ስለ እሷ ሲሉ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይተው ነው። ለሰፈሩ አውቶቡስ ይመደብልን ብላ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር የኖረችው ታዲያ ይህችው ሴት ናት። ዳገቱን እያረፈች ትወጣለች፤ ነገ ይምጡ ሲሏት ነገ ትመጣለች፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲሏት ስብሰባው እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። ሰፈርተኛው «ባለ አውቶቡሷ» እያለ ሲቀልድባት «ስትመጣ አንዳችሁንም አላሳፍርም!» እያለች ትመልስ ነበር። ባለፈው ወር ተፈቀደ ተባለ። ለመጨረሻው ፌርማታ የተመረጠውም ከእሷ ደጃፍ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሰፈሩ ለክብሯ ብሎ፣ አጥብቆ ተከራክሮ ነው ያን ቦታ ያስመረጠው። የምትመጣው ያቺ ድምፅ አልባዋ፣ ያቺ ጭስ የሌላት አውቶቡስ ናት ብሎ፤ ይህንንም የሰማው ከእሷ ነው፣ እሷ ደግሞ ከልጇ።

የስምሪት ኃላፊው ስልኩን ጨርሶ በቀለም ክፍሉ በር ብቅ አለ። ሸሚዙ ቀለም እንዳይነካው ሆዱን ሰብሰብ አድርጎ ቆመ።

«አንተ፣ እስከ ምሳ ጨርሳት። ከሰዓት ለሙከራ ትወጣለች፤ አንተም የጎደለ ነገር ካለ እዚያው እንድታስተካክል አብረህ ትሄዳለህ። ነገ እንግዶች ይዘን ነው የምንሄደው።»

«አለቃ፣ ይቺ እኮ የናፍጣ ናት» አለ ቀቢው።

«ታዲያ?»

«‹ጭስ አልባ› ብዬ ልጻፍባት?»

«‹ጭስ አልባ ከተማ› የዘመቻው ስም ነው። ከተማዋን ነው ያልነው፤ አውቶቡሷን ነው ብለን ማልን? ቦታው ስለማይበቃ ‹ከተማ› የሚለውን ተወው።» ከዚያ ቅንድቡን አነሳ። «ለመሆኑ አንተ ቀቢ ነህ መካኒክ?»

«ቀቢ ነኝ።»

«እንግዲያው ቀባ።»

ቀባ። ምን ያድርግ? ከዚህ በር ውጪ ብሩሹን ይዞ የሚቆምበት ሌላ በር የለውም፤ የእናቱም መድኃኒት ከዚሁ ደመወዝ ነው የሚገዛው። ዝገቱን ፋቀ፣ የተቦረቦረውን በስቱኮ ሞላ፣ አለሰለሰ፣ አረንጓዴውን ደረበ። አሮጊቷ አውቶቡስ ከውጭ ስትታይ እንደ ሙሽራ አማረች። ወንበሮቿ እንኳ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ውስጧን የሚያውቀው ያውቃል፤ ሞተሯ ዘይት ይበላል፣ ማርሚታዋ ተበስቶ ተጠግኖ ተበስቷል። ነገ ግን ከተማዋ ይህን ያህል አረንጓዴ አውቶቡስ አላት ተብሎ ሲነገር ይቺም አብራ ትቆጠራለች። መሀል ከተማ፣ ሆቴሎቹና መሥሪያ ቤቶቹ ያሉበት ንጹሕ አየር ሲተነፍስ፣ የእነሱ ድርሻ የሆነው ጭስ አድራሻ ቀይሮ ወደ ዳር ይሄዳል። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ውሸቱን ደግሞ በሚያምር ፊደል የሚጽፈው እሱ ነው። ቀጭኑን ብሩሽ ነጭ ቀለም ውስጥ ነክሮ ከቅጠሉ ሥር «ጭስ አልባ» ሲል እጁ እንደወትሮው ቀጥ ያለ ነበር። እጁን ጠላው። ስልክ አውጥቶ እህቱ ጋ ሊደውል ፈለገ፤ ምን ብሎ ይጀምር? መልሶ ኪሱ ከተተው።

አውቶቡሷን የሚነዳት ሽማግሌ ዕድሜውን ከሞተር አጠገብ ስለጨረሰ ጆሮው ደክሟል፤ ማንም ምንም ቢለው መጀመሪያ የሚመልሰው «ምን አልክ?» ነው። ስሙም እዚያው «ምን አልክ» ሆኖ ቀርቷል። ኃላፊው በራሱ መኪና፣ መስታወቱን ዘግቶ ቀድሟቸው ሄደ። እነሱ ከኋላ እየተንገጫገጩ ተከተሉ። በሰፊው ጎዳና ሲያልፉ ከአዲሶቹ አንዷ በአጠገባቸው ሹልክ ብላ አለፈች፤ ውስጧ ያሉት ሰዎች በመስኮት እያዩ ከአሮጊቷ ጭስ የተነሳ አፍንጫቸውን ያዙ። ፌርማታ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ የአውቶቡሷን ጎን አንብባ፣ ጭሱን አይታ፣ እንደገና አንብባ ጓደኛዋን በክንዷ ጎሰም ስታደርጋት ቀቢው በመስኮት አያት። አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

«ጋሼ፣ ጭሷ በዛ እኮ!» ብሎ ወደ ሹፌሩ ጆሮ ጮኸ።

«ምን አልክ?»

«ጭሷ!»

«አዎ፣ ይቺ እናቷም እንዲህ ነበረች» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «አንተም እንደኔ እሺ ስትል ትኖራለህ። እኔ መሀል ከተማ ስነዳት ብዙ ተከሰሰች፤ ደብዳቤ ተጻፈባት፣ በሬዲዮ ተወራባት። አሁን የሚከሳት ወደሌለበት ወሰዷት።»

አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ሲጀምር ቀቢው ሰፈሩን በሩቅ አየው። አውቶቡሷ ለሙከራ ትመጣለች መባሉን የሰማ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። አሮጊት፣ ጎረምሳ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ባለ ሱቁ ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ ወጥቷል። አውቶቡሷ ጥጉን ስትታጠፍ እልልታው ቀለጠ፤ የሚያጨበጭበውም አጨበጨበ። ሹፌሩ አዙሮ ወደ ኋላ እየሄደ ቦታዋን ሲያስይዛት ጅራቷ በትክክል ከእናቱ ደጃፍ ፊት አረፈ። ቆመች፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ኃላፊው ከመኪናው ወርዶ ሹፌሩን ጠጋ ብሎ ጮኸበት። «ሞተር እንዳታጠፋ! እዚህ በቆምክ ቁጥር አታጠፋም! ነገ በእንግዳ ፊት አልነሳም ብትል ጉድ ይፈላል!» ሹፌሩ ለቀቢው አስረዳው። «ሞተሪኖዋ ሞቷል፤ አንዴ ካጠፋኋት ሰው ካልገፋ አትነሳም።» ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ተሳፋሪ በጠበቀች ቁጥር፣ እዚህ ደጃፍ ላይ ስታጨስ ትውላለች ማለት ነው። ቀቢው የእናቱን በር አየ። ሰማያዊው በር ዝግ ነው፤ ከሥሩ ጨርቅ ሲወተፍ ታየው።

በጓሮ ዞሮ ገባ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ከወዲህ አልጋ፣ ከወዲያ ጠረጴዛና ምድጃ። ጠረጴዛው ላይ ለነገዎቹ እንግዶች የተገዙ ለስላሳ መጠጦች በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍነው ተደርድረዋል። እህቱ በጉልበቷ ተንበርክካ በሩ ሥር አሮጌ ልብስ ትወትፍ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ጭሱ ግን ከበሩ ቢከለከል በጣሪያው ክፍተት ገብቶ መብራቱ ዙሪያ ተንጠልጥሏል። የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነበር፤ ጠርሙሶቹም በእሱ እየተንቀጠቀጡ ጭል ጭል ይላሉ።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ጠዋት ነው የሰማሁት።»

«ከጠዋት እስካሁን ስልክህ አይሠራም?»

ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ በእጁ ዳበሰ።

«እኔ እኮ ቢያንስ ከቤት አወጣት ነበር» አለች እህቱ። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተበጥራ በፊት ለፊት በር ወጥታለች። ልጄ የሠራት አውቶቡስ መጣች እያለች ነው የወጣችው። ሂድና አጠገቧ ቁም።»

ወጣ። ኃላፊው ድንጋይ ላይ ቆሞ ለነገ ያዘጋጀውን ንግግር በሰፈርተኛው ፊት መሞከር ጀምሮ ነበር። የዓለም ሙቀት ከፍ ማለቱን፣ ዝናብ ወቅቱን መሳቱን፣ ጎርፉን፣ ከተማዋ የበኩሏን እየተወጣች መሆኗን ተናገረ። ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር አልነበረም፤ ሐሰቱ ከጀርባው ቆሞ ያጨሳል። ከፊት የቆሙት አጨበጨቡ። ከኋላ የቆሙት ግን ዓይናቸውን እየጠረጉ ቀስ በቀስ ይሸሹ ነበር፤ የማርሚታው ጥቁር ጭስ መሬት ለመሬት እየሄደ ባዶውን ቦታ ሞልቶታል። እናቱ ከአውቶቡሷ ጎን ቆማለች፤ በአንድ እጇ መሀረቧን አፏ ላይ ይዛ፣ በሌላው ቅጠሉን እየዳበሰች።

እናቱ ፊደል የቆጠረችው ካረጀች በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ሳታነብ አታልፍም። አንዳንዱን ሳድስ በግዕዝ ታነበዋለች፣ የጎደለ የመሰላትን ከራሷ ትሞላለች፤ እንዲያም ሆኖ ኩራቷ ነው። አሁንም ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረች ጀመረች።

«ጭ... ስ...» አለች። «አ... ለ... ባ...» ሳሏ አቋረጣት። ጎንበስ ብላ እስኪወጣላት ሳለችና ቀና አለች። «አለባት! ጭስ አለባት ነው የሚለው!» ፊቷ በራ። «ደግ አደረጉ። የመርዝ ጠርሙስ ላይም እንዲህ ይጽፋሉ፤ ሰው አውቆ እንዲጠነቀቅ ነው።» ከዚያ ልጇን አየችው። «አንተ ግን ‹ት›ን ረስተሃታል።»

በአጠገቧ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኃላፊውም ንግግሩን አቁሞ ሳቀ፤ ከድንጋዩ ወርዶ መጥቶም ትከሻዋን ያዝ አደረጋት።

«‹ጭስ አልባ› ነው የሚለው እናቴ። ጭስ የላትም ማለት ነው።»

እናቱ ኃላፊውን አየችው። ከዚያ ማርሚታውን አየች። ከዚያ እንደገና ኃላፊውን።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ገና ስላልሞቀች ነው። ስትሞቅ ትተዋለች።»

ይህን ሲላት አንድም ቦታ ላይ ፊቱ አልተጨማደደም፤ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው እንዲህ ነው። እናቱ ወደ ልጇ ዞረች። «አንተ ንገረኝ። ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

ሰው ሁሉ ቀቢውን ያየው ጀመር። ኃላፊውም አየው፤ የኃላፊው አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። «አልባ» ቢላት እሱም ውሸታም ነው፤ ያውም እናቱን፣ ያውም ዓይኗ ከጭሱ እያነባ። ዕድሜ ልኳን የማንበብ ጉጉት የነበረባትን ሴት ‹ያየሽውን አላየሽም› ሊላት ነው። ቢናደድ ምን ያስደንቃል? በጠዋቱ ያልተናገረው፣ በስልክ ያልተናገረው ሁሉ ተከማችቶበት ነበር። ሄዶ የቀለም ሣጥኑን ከአውቶቡሷ አወረደ።

ቀጭኑን ብሩሽ አረንጓዴው ውስጥ ነክሮ የ«ል»ን ጉጥ ሸፈነና «ለ» አደረጋት። ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ ነጩን ነከረ። ከ«ባ» ቀጥሎ፣ ቦታ ለክቶ፣ ቀጥ ባለ እጅ «ት» ጻፈ። ብሩሹን ሲያነሳ ባለ ሱቁ ነበር ቀድሞ ያነበበው። «ጭስ አለባት» አለ። ከዚያ አንዲት ሴት አነበበች። ከዚያ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እየነገረ እስከ ኋላ ድረስ ተዳረሰ፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

የኃላፊው ፊት በርበሬ መሰለ። «ምን ማድረግህ ነው? አጥፋው!» ብሎ ጮኸ። ቀቢው አልተንቀሳቀሰም። «አጥፋው እኮ ነው የምልህ! አሁኑኑ አጥፋው!»

ጩኸቱ ያን ያህል ስለነበር ለአንድ ጊዜ ሹፌሩም ሰማው። «እሺ ጌታዬ!» አለና ሞተሩን አጠፋው።

አውቶቡሷ ተንዘፈዘፈች፣ አንድ ጊዜ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ዝምታው ድንገት ስለነበር ሰዉ ደነገጠ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የእናቱ ሳል ብቻ ተሰማ። ሞተሩ እየጮኸ ሳለ ስትስል ቆይታ ኖሮ አጠገቧ ካሉት በቀር ማንም አልሰማትም። አሁን ሁሉም ሰማ። ደረቷ እንደተቀደደ ቆርቆሮ ይንቋቋል፤ ትንፋሽ ስትፈልግ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። እህቱ መድኃኒቱንና ውኃ ይዛ በፊት ለፊት በር ወጣች። ልብሱን ከበሩ ሥር ስትነቅለው ከውስጥ ጭስ ተከትሏት ወጣ። እናቱን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ታጠጣት ጀመር።

«አስነሳው!» አለ ኃላፊው ወደ ሹፌሩ።

«ምን አልክ?»

«አስነሳው!»

ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ። እንደገና አዞረ። ቀጭ። «ነግሬዎት ነበር፣ ካልተገፋች አትነሳም» አለ፤ ተደስቶ ይሁን አዝኖ ከፊቱ አይታወቅም። ኃላፊው ወደ ቀቢው ጣቱን ቀሰረ። «አንተን ነገ በር ላይ እንዳላይህ!» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ ድምፁን አለዘበ። «በሉ ግፉ እንጂ ወገኖቼ! የናንተው አውቶቡስ ናት!» ማንም አልተነቃነቀም። እልል ያሉት አሮጊቶች መሬት መሬት ያያሉ፤ ጎረምሶቹ እጃቸውን አጣምረዋል። ሁሉም የሚያየው ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን ባለ አውቶቡሷን ነው። ኃላፊውም ይህን አይቶ ወደ እሷ ሄደ።

«እናቴ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። እንደዚህ ከሆነማ ሰፈሩ አውቶቡስ አልፈልግም ብሏል ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው። መስመሩ ይሰረዛል። ስንት ዓመት የለፉበት ነገር ነው፣ አያሳዝንም?»

ቀቢው እናቱን አየ። ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ኮሪደር በዚህ በአንድ አፍ ሊሰረዝ እንደሆነ ገብቷታል፤ ዓይኗ ሙሉ እንባ ሆኗል፤ የጭሱ ይሁን የልቧ አይለይም። አዲስ ልብስ የለበሱትን ወንበሮች በመስኮቱ በኩል ለአፍታ አየቻቸው። በጣም ትፈልጋቸው ነበር። ትንፋሿን እስክታገኝ ጠበቀች፤ የልጇን ክንድ ይዛ ተነሳች።

«ልጄ፣» አለችው ለኃላፊው፣ «እኔ የለመንኳችሁ አውቶቡስ ነው። ጭስ ለምኜ አላውቅም።»

ኃላፊው የሚገፋለት ፍለጋ ዙሪያውን አየ። ሰዉ እዚያው ነበር፤ አንድም የተነሳ እጅ ግን አልነበረም።